ውሃው ሳይሰናዳ የገባ ዓሣ፦ በአዲስ አኳሪየም ስለሚታመሙ ዓሦችና ስለ ሕክምናቸው

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፋኩልቲ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሳችን ትንሽ ይመስላል። አንድ ካፌ፣ አንድ ፀጉር ቤት ወይም አንድ የእንግዳ መቀበያ ክፍል አኳሪየም ይገዛል። ጠዋት ውሃ ይሞላል፤ ከሰዓት በኋላ ዐሥራ ሁለት ወርቃማ ዓሦች ይገቡበታል። ሦስት ቀን ያህል ሁሉም ያማረ ነው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ክንፋቸውን ወደ ሰውነታቸው ይሰበስባሉ፤ ምግብ ይተዋሉ። ባለቤቱ ይደነግጥና ወደ ፋርማሲ ሰው ይልካል። የቴትራሳይክሊን እንክብል ተከፍቶ ዱቄቱ ውሃው ላይ ይበተናል። በሳምንቱ መጨረሻ መስታወቱ ውስጥ የሚቀረው ጠጠርና የፕላስቲክ አበባ ነው።

የእኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ እነዚህ ዓሦች በአብዛኛው በተላላፊ በሽታ አልተያዙም፤ ተመርዘዋል። የተሰጣቸው መድኃኒት ደግሞ መርዙን ማጥፋት የሚችሉትን ጥቃቅን ሕያዋን የሚጎዳ ነው።

ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የተረፈውን ናይትሮጅን እንደ እኛ ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት አያስወግድም። አብዛኛውን አሞኒያ አድርጎ፣ በመተንፈሻው በስንጥቡ በኩል፣ በቀጥታ ወደ ውሃው ይለቀዋል። በጣና ወይም በዝዋይ ሐይቅ ይህ ችግር አይሆንም፤ የውሃው ብዛት ያቀጥነዋል፣ አልጌና ባክቴሪያም ይመገቡታል። በመቶ ሊትር መስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ተማሪዎች፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለዐሥራ ሁለቱ ዓሦች በቀን 3 ግራም ደረቅ ምግብ ተሰጠ እንበል። ከምግቡ 40 በመቶው ፕሮቲን ቢሆን 1.2 ግራም ነው። ከፕሮቲን 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ ወደ 0.19 ግራም ናይትሮጅን ገብቷል ማለት ነው። ከዚህ ግማሹ ብቻ አሞኒያ ሆኖ ቢወጣ፣ በ100 ሊትር ውሃ ላይ በየቀኑ በሊትር 1 ሚሊግራም ያህል ይጨመራል። ዓሦቹ በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን የሚታመሙት ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

የአሞኒያው ጉዳት ግን በመጠኑ ብቻ አይወሰንም። በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፦ እምብዛም የማይጎዳው አሞኒየምና ስንጥብን አልፎ ወደ ደም የሚገባው ነፃ አሞኒያ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤች 7 በሆነ ውሃ፣ ነፃው ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ገደማ ነው። ፒኤቹ 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ያድጋል፤ 9 ሲደርስ ከሢሶ ይበልጣል። ፒኤች አንድ ደረጃ ሲወጣ መርዙ ወደ ዐሥር እጥፍ የሚጠጋው ለዚህ ነው። (በኬንያ የማጋዲ ሐይቅ የሚኖር የቆሮሶ ዘመድ አለ፤ የሐይቁ ፒኤች 10 ገደማ በመሆኑ አሞኒያን ወደ ውጭ መግፋት ስለማይችል ናይትሮጅኑን እንደ እኛ ወደ ዩሪያ ይለውጣል። የፒያሳው ወርቃማ ዓሣ ይህ ጸጋ አልተሰጠውም።)

ከዚህ መርዝ የሚያድኑት በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ሌሎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት እጅግ ካልበዛ ዓሣን አይጎዳም፤ በየሳምንቱ ከውሃው ከፊሉን በመቀየር ይቀንሳል። ይህ ሰንሰለት ሳይመሠረት ዓሣ የገባበት ገንዳ ነው ያልተሰናዳ የምንለው።

የዕውቀቱ ታሪክ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ጭምር በመሆኑ ለአፍታ ልቁምበት። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ለንደን ውስጥ ወርቃማ ዓሦችን፣ ቀንድ አውጣዎችንና የውሃ ተክልን በአንድ ገንዳ አኑሮ፣ እርስ በርስ እየተደጋገፉ መኖር እንደሚችሉ የሚያሳይ ጽሑፍ አቀረበ። የአባቱን ስም የያዘው ልጁ በሮትሃምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሠርቶ፣ አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በሁለት ደረጃ እንደሆነና የየደረጃው ሠራተኛ ሕዋስ የተለያየ እንደሆነ አሳየ፤ ሕዋሳቱን ለይቶ ማሳደግ ግን አልሆነለትም። ይህን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ዙሪክ ላይ የነበረው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። ነገሩ በዚያም አልተዘጋም። በመማሪያ መጻሕፍት የናይትራይቱ ሥራ የናይትሮባክተር ነው ሲባል ኖሮ፣ በ1990ዎቹ በአኳሪየም ማጣሪያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሥራውን የሚሠራው ናይትሮስፓይራ መሆኑን አሳየ። በ2015 ደግሞ ሁለቱን ደረጃዎች ብቻቸውን የሚያከናውኑ ናይትሮስፓይራዎች ተገኙ፤ ከምንጮቹ አንዱ የዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነበር። አኳሪየም የመዝናኛ ዕቃ ነው የሚለኝ ባልደረባ ሲገጥመኝ ይህን አነሣበታለሁ።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ዝግተኞች ናቸው። ኢ. ኮላይ በተመቸው ቦታ በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆን፣ እነርሱ ሰዓታትን፣ ብዙ ጊዜም ቀናትን ይፈልጋሉ። መጻሕፍት ለአዲስ ገንዳ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚሉት ለዚህ ነው። ይህ ቁጥር ግን ሞቅ ላለ ውሃ የተጻፈ ነው፤ ወደ ሰፈራችን ስናመጣው ይዛነፋል። ከዚህ ከአራት ኪሎ ተነሥተን በራስ መኮንን ድልድይ አልፈን ፒያሳ ስንደርስ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ጠለል፣ በ20 ዲግሪ፣ ውሃ በሊትር እስከ 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ግን 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን እስከ ናይትሬት ለማድረስ ደግሞ 4.5 ግራም ያህል ኦክስጅን ያስፈልጋል። ስለዚህ በፒያሳ ገንዳ ውስጥ ዓሣውና አዳኙ ባክቴሪያ ከአንዲት ጠባብ ማዕድ ይሻማሉ። የአየር ፓምፕ እዚህ ጌጥ አይደለም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ ይጨመርበት፤ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ውስጥ ስድስቱ ሳምንት በቀላሉ ይበልጣል።

ውሃውም የራሱ ጠባይ አለው። ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ለእኛ ጤና ሲባል ክሎሪን ተጨምሮበታል፤ ክሎሪን ደግሞ ስንጥብንም ባክቴሪያንም ያቃጥላል። የከርሰ ምድር ውሃ፣ ለምሳሌ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው፣ ማዕድን ይበዛበታል፤ ስለዚህ የዛሬው የቧንቧ ውሃ ከትናንቱ ጋር አንድ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። ውሃ በፈረቃ መምጣቱ ሰውን ያማርራል፤ ለዓሣ ግን አንድ በጎ ነገር አለው፦ በበርሜል ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ቀን ያደረ ውሃ ክሎሪኑ በአብዛኛው ተንኖለታል። ለሚቸኩል ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት አለ፤ ለ1 ሚሊግራም ክሎሪን 7 ሚሊግራም ያህል ይበቃል። የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ፊልም በሚያጥቡበት ዘመን «ሃይፖ» እያሉ በኪሎ ይገዙት የነበረው ኬሚካል ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ንግድ ቤቶች ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ዕቃው ሁሉ ተጭኗል። አኳሪየምን ስለ ማዛወር አንድ ነገር ልናገር። ስፖንጁ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በካርቶን ከተጓዘ፣ አዲሱ ቦታ ላይ የሚተከለው ገንዳ ዐሥር ዓመት ቢያስቆጥርም እንደ አዲስ ነው። ስፖንጁ በገንዳው በራሱ ውሃ፣ አየር በሚያገኝ ባልዲ ውስጥ መጓዝ አለበት።

አሁን ወደ በሽተኛው እንምጣ። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ገንዳው መቼ ተሞላ?» ብሎ ነው። ስድስት ሳምንት ካልሞላው ጥርጣሬው ወደ ውሃው ይሂድ። ሁለተኛው ጥያቄ ስንት ዓሣ፣ በስንት ቀን ውስጥ ታመመ የሚል ነው። ተላላፊ በሽታ በአብዛኛው ከአንዱ ጀምሮ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ መርዝ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይይዛል። በትልቁም ውሃ አስተሳሰቡ ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በጫሞ ሐይቅ ዓሦች በብዛት ሲሞቱ ተመራማሪዎች ምክንያቱን የፈለጉት በአልጌው መብዛትና በውሃው ኦክስጅን ላይ ነበር። ስንጥቡ ቀልቶ ያበጠ ከሆነ አሞኒያን፣ ቡናማ ከሆነ ናይትራይትን እንጠርጥር። ናይትራይት የደሙን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል መልክ ይለውጠዋል፤ ዓሣው አየር በሞላበት ውሃ ውስጥ ይታፈናል። በክንፍና በቅርፊት ላይ እንደ ጨው ቅንጣት የተበተነ ነጭ ነጥብ ከታየ ግን ያ እውነተኛ ተውሳክ ነው፤ የራሱ ሕክምና አለው። እርሱም ቢሆን የሚበረታው መርዝ ባዳከመው ዓሣ ላይ ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው ከምግብ ነው። ለሁለት ለሦስት ቀን ምግብ ይቁም፤ ጤነኛ ወርቃማ ዓሣ ሳምንት ሙሉ ጾሞ አይሞትም፤ ያልተበላ ፍርፋሪ ግን በማግስቱ አሞኒያ ነው። ባለቤቶችን ለማሳመን እጅግ የሚያስቸግረኝ ይህ ነው፤ ለታመመ እንግዳ ማዕድ መከልከል ነውር ይመስላቸዋል። ቀጥሎ ከውሃው ሢሶው ወይም ግማሹ ይቀየር፤ አዲሱ ውሃ ክሎሪን የለቀቀና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ይሁን። አሞኒያውና ናይትራይቱ እስኪወርድ ድረስ ይህ በየቀኑ ይደገም። አየር ይጨመር። መብራት ሲጠፋ በጆግ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ከምንም ይሻላል፤ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ። የሞተ ዓሣ ሳይውል ሳያድር ይውጣ። ናይትራይት ከተጠረጠረ ተራ የማዕድ ጨው ያግዛል፦ ለ10 ሊትር 1 ግራም። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በስንጥቡ በር ላይ ከናይትራይት ጋር ይሻማና መግቢያ ያሳጣዋል። ከመድኃኒት ቤት ዱቄት ይልቅ ወጥ ቤት ያለው ጨው የተሻለ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ ይህ ነው።

ስለ ቴትራሳይክሊኑ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ አሞኒያን አያጠፋም። ሁለተኛ፣ ገና መስፈር የጀመሩትን ባክቴሪያዎች ሊገታ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስድስቱ ሳምንት እንደገና ከአንድ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ በውሃው ውስጥ ካሉት ካልሲየምና ማግኒዚየም ጋር ስለሚተሳሰር፣ ማዕድን በበዛበት ውሃ ተላላፊ በሽታ ቢኖር እንኳ ኃይሉ ይቀንሳል። አራተኛው የዓሣውን ጉዳይ ያልፋል። ያ ውሃ ሲቀየር የሚደፋው በፍሳሽ ቦይ ነው፤ ቦዮቻችን ደግሞ ወደ ወንዞቻችን ይገባሉ። በአነስተኛ መጠን የተበተነ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን ይመርጣል፣ ያበዛል። በሐኪም ትእዛዝ ብቻ መሸጥ የሚገባው መድኃኒት ለጌጥ ገንዳ መዋሉን እንደ ቀልድ የምናይ ከሆነ፣ የነገው ሐኪምና የነገው ባዮሎጂ መምህር በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋልና ከእናንተ ጋር መነጋገር አለብን።

ዓሣ ከመግባቱ በፊትስ? በየቤታችን የምናውቀው አሠራር አለ። አዲስ ቤት የመሠረተች ሴት ሊጥ ስታቦካ ከጎረቤት እርሾ ትለምናለች። አኳሪየምም ያው ነው። ከቆየ ጤነኛ ገንዳ የተወሰደ ቁራሽ ስፖንጅ ወይም እፍኝ ጠጠር፣ ሳይደርቅና የቧንቧ ውሃ ሳይነካው፣ በአዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ቢገባ ሳምንታትን ያሳጥራል። ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ሊጡ በሦስት ቀን ይደርሳል፣ ገንዳው ግን በእርሾም ቢሆን አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እርሾ አበዳሪው ገንዳ በሽታ ካለበትም በሽታውን ታስገባላችሁ። ባክቴሪያዎቹን ለመመገብ ጥቂት ንጹሕ አሞኒያ ወይም ቁንጥር የዓሣ ምግብ በባዶው ገንዳ ውስጥ ይጨመር። የጨመርነው አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ ሲጠፋና ናይትራይትም ሳይታይ ሲቀር ገንዳው ተሰናድቷል። ያን ጊዜም ዐሥራ ሁለቱ ዓሦች በአንድ ከሰዓት አይግቡ፤ ሁለት ይግቡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌሎች ሁለት። ለመቶ ሊትር ወርቃማ ዓሣ ዐሥራ ሁለት መሆኑ ራሱ ብዙ ነው፤ አድገው ከስንዝር ሊበልጡ ይችላሉና።

ፊት ለፊታችሁ ባሉት ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ ያለው ውሃ አንዱ ከተሰናዳ፣ ሌላው ካልተሰናዳ ገንዳ የተቀዳ ነው። በዓይንም በሽታም አይለዩም። የአሞኒያ መመርመሪያው ጠብታ ከጎናቸው አለ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከመሄዳችን በፊት ከፊተኛው ረድፍ ሁለት ተማሪዎች መጥተው ይመርምሩልን።