ከቤቱ የሚያመልጠው ጥንቸላችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ታላላቅ ነገሮችን አሰምተዋችኋል። የእኔ ነገር ግን ትንሽ ነው፤ ክብደቱም ከሁለት ኪሎ አይበልጥም። ይኸውም በቤታችን ስለሚኖረው፣ ስሙን «ሽብሩ» ስላልነው ጥንቸል ነው።

ሽብሩን አጎቴ ለታናሽ እኅቴ በስጦታ አመጣላት። አባቴ ገና እንዳየው «ወተት የለው፣ እንቁላል የለው፣ ሥጋውም ለእኛ አይበላም፤ እንግዲህ ምን ይሠራልናል?» ሲል ጠየቀ። ነገሩ እውነት ነበረው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ ከማይበሉት እንስሳት ጋር ተቈጥሯልና። እኅቴ ግን ጥንቸሉን እንዳቀፈች ዝም አለች። ዝምታዋም ከመልስ ይልቅ በረታና ሽብሩ ከቤተ ሰቡ አንዱ ሆነ።

ወንድሜ ከሣንቃ ቤት ሠራለት። በሦስተኛው ሌሊት ሽብሩ ሣንቃውን ቈርጥሞ ወጣ። ቀዳዳው በቆርቆሮ ተደፈነ፤ ከሥር ምሶ ወጣ። ድንጋይ ተነጠፈ፤ መቀርቀሪያውን በአፍንጫው ገፍቶ ወጣ። በወጣ ቊጥርም ሥራ አይፈታም፤ የእናቴን ሰፌድ ጠርዝ በላ፤ የስልክ መሙያ ገመድ ከሁለት ቈረጠ፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ በአጥር ሥር ሾልኮ የጎረቤታችንን የጎመን መደብ አጨደው። ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጥተው «ልጆቼ፣ ወይ እሱ ይቅር፣ ወይ እኔ ጎመን መትከሌን ልተው» አሉ። አባቴም እስከ እሑድ ድረስ መላ ካልተገኘ ጥንቸሉ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ፈረደ። በዚያ ማታ እኅቴ ራቷን አልበላችም።

እኔም ከፍርዱ ቀን በፊት የጥንቸልን ጠባይ በመጽሐፍ መመርመር ጀመርሁ። በአገራችን ሜዳ የምትሮጠውና ጥንቸል የምንላት አውሬ ዋሻ ምሳ አትኖርም፤ ልጆቿንም ዐይናቸው የተከፈተ፣ ጠጕር የለበሱ አድርጋ በሣር መካከል ትወልዳለች። የቤት ጥንቸል ግን ሌላ ዘር ነው። የጥንት አባቶቹ አገር እስፓኝና ፖርቱጋል ሲሆን፣ እነርሱ ከመሬት በታች እየማሱ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ዐይናቸው ያልተከፈተና ጠጕር አልባ ሆነው ይወለዳሉ። ስለዚህ ሽብሩ መሬት ሲምስ የአባቶቹን ሙያ መሥራቱ እንጂ ክፋቱ አይደለም። ጥርሱም ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፤ ሣርና ድርቆሽ እያኘከ ካላሳጠረው መብላት እስከሚያቅተው ይደርሳል። ይበልጡን የሚነቃውም ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው።

አጥር ብቻውን እንደማይበቃም ታሪክ ይመሰክራል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለርስት 24 ያህል ጥንቸሎች ከእንግሊዝ አገር ወደ አውስትራልያ አስመጥቶ ለአደን አኖራቸው። ዘራቸው በዝቶ አገሩን ቢያለብሰው፣ ምዕራብ አውስትራልያ ከ1901 እስከ 1907 ከ3,200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አጥር አሠራች። ጥንቸሎቹ ግን አጥሩ ሳይፈጸም አልፈው ሄደው ነበር። እነዚያን ይህን ያህል አጥር ካላቆማቸው፣ ሽብሩን የወንድሜ መቀርቀሪያ እንዴት ያቆመዋል!

እንግዲህ ሦስት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ድርቆሽ ቀንና ሌሊት ከፊቱ እንዳይታጣ ሆነ። ሁለተኛ፣ ሰፊ ግቢ አጥረንለት ከአፈሩ በታች ወንፊት ሽቦ ቀበርን፤ ይምሳል፣ ግን አይወጣም። ሦስተኛ፣ ጧትና ማታ እኅቴ እየጠበቀችው እንዲፈነጭ ተለቀቀ። ያን ጊዜ ወደ ላይ ዘልሎ በአየር ላይ ይጠማዘዛል፤ ይህ የጥንቸል ደስታ ነው። የእማማንም መደብ ወንድሜና እኔ ዳግመኛ ተከልንላቸው። ከዚያ ወዲህ ሽብሩ ሁለት ጊዜ አምልጧል፤ ሁለቱንም ጊዜ የተገኘው ግን ከእናቴ በርጩማ ሥር ነው። ዛሬ እማማ የጎመኑን ውጫዊ ቅጠል ይዘውለት ይመጣሉ። አባቴም ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ «ሽብሩ በልቷል?» ይላል። ምን ይሠራልናል ብሎ መጠየቁን ትቷል።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ ከዚህ ትንሽ እንስሳ የተማርሁት፣ አጥር የሚጥስ ሁሉ ክፉ አለመሆኑን ነው። ከመፍረድ በፊት ምን ጐደለው ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የጐደለውም ምናልባት ሥራና መጫወቻ ቦታ ይሆናል። ይህን ስል ግን፣ ውድ ጓደኞቼ፣ በትምህርት ቤታችን አጥር ላይ እንድትዘልሉ ፈቃድ መስጠቴ አይደለም። ሽብሩ ድርቆሹን እያኘከ ጥርሱን እንደሚስል፣ እኛም መጽሐፋችንን እያነበብን አእምሯችንን እንሳል።