ስለ ኮምፒዩተር መሣሪያዎች መጋጨት



 ነገራችን ጤነኛ የሆኑ ሁለት መሣሪያዎች ባንድ ኮምፒዩተር ገብተው አንስማማም ሲሉ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን ዕቃ ተበላሸ ብሎ ይጥላል።

ማውስም ሆነ ሞደም ሥራ ሲኖረው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር አለው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር የነበሩት የጥሪ መስመሮች 8 ብቻ ነበሩ። በ1984 ሌላ 8 ቢጨመርም፥ አንዱ ሁለቱን ክፍሎች ለማያያዝ ስለ ዋለ 15 ቀሩ። ሁለት በሮች ባንድ ደወል ቢያያዙ ዘበኛው የትኛውን እንደሚከፍት በምን ያውቃል? ግጭት ማለት ይህ ነው።

ከዕቃ ቤት ባገኘነው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሞደሙ ስልክ መደወል ሲጀምር ማውሱ ይደርቅ ነበር። «ማውሱ ይጣል» ተባለ። እኛ ግን አስቀድመን የእያንዳንዱን መሣሪያ ቁጥር በወረቀት ጻፍን። ማውሱ በኮም 1፥ ሞደሙ በኮም 3 ተይዘዋል፤ የሁለቱም ጥሪ በ4ኛው መስመር ነው። ቀጥለን ኤሌክትሪኩን አጥፍተን፥ ገመዱን ነቅለን ሞደሙን አወጣን፤ ማውሱ ያለ እንከን ሠራ። በመጨረሻም በሞደሙ ካርድ ላይ ያለችውን ጃምፐር ማንም ወዳልያዘው ወደ 5ኛው መስመር አዛወርን፤ ይህንኑም በዊንዶውስ መዝገብ አስገባን። ሁለቱም ሠሩ፤ አንዲት ሳንቲም አልወጣችም።

በ1995 ከወጣው ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን በራሱ ማደል ጀምሯል፤ አዳዲሶቹ መሣሪያዎችም ባንድ መስመር ተስማምተው መሥራት ይችላሉ። ቢሆንም ግጭት ፈጽሞ አልጠፋም። ዛሬ በዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ቃል አጋኖ ያለበት ቢጫ ምልክት ከታየና የስሕተቱ ቁጥር 12 ከሆነ፥ መሣሪያው የሚሠራበት ነጻ መስመር ወይም የሜሞሪ አድራሻ አጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ መጨረሻ የገባውን አውጥቶ መሞከር፥ ከዚያም አንድ በአንድ መመለስ ይገባል። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው መድኃኒቱ የትኛው እንደ ነበረ አያውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! አንድ ኮምፒዩተር በከንቱ ሲጣል አንድ ተማሪ መማሪያውን ያጣል። ስለዚህ ከእኛ በኋላ የምትቀሩት ሳትመረምሩ እንዳትፈርዱ አደራ እንላችኋለን።