ኢንተርኔት ሲጠፋ ኔትወርክ አይጠፋም፦ በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ መሣሪያዎች ለምን አይገናኙም?



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ እይታ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ላፕቶፑም ፕሪንተሩም ከአንድ ዋይፋይ ጋር ተገናኝተዋል፤ ወረቀቱ ግን አይወጣም። አንዱ ስልክ የሌላውን ፋይል አያይም። ይህ ለምን ይሆናል?

በእኛ አካባቢ ጥያቄው ትንሽ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በሰሜን ወሎ መብራትና ቴሌኮም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ኔትወርክ የለም» ብለን ሁሉንም ሥራ እናቆማለን። ይሁን እንጂ ከዓለም ጋር መገናኘትና እርስ በርስ መገናኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በእጃችን አይደለም፤ ሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጃችን ነው።

ይህች የተሰባሰብንባት ጋሸና መገንጠያ ናት። ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወስደው አውራ ጎዳና የላሊበላው መንገድ የሚለየው እዚህ ነው። ራውተርም እንዲሁ መገንጠያ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ስልክና ፕሪንተር በቀጥታ አይነጋገሩም፤ መልእክቱ ከስልኩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩም ወደ ፕሪንተሩ ይሄዳል። የወልድያው መንገድ ቢዘጋ የጋሸና ሰው ጎረቤቱን ከመጠየቅ አይከለከልም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ የውስጡ መንገድ ክፍት ነው።

እንግዲህ ግንኙነት ሲጠፋ ፍተሻችንን ከቅርቡ ጀምረን ወደ ሩቁ እንሂድ።

አንደኛ፣ ሁለቱም መሣሪያዎች በእርግጥ አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸውን? የዋይፋዩን ስም በሁለቱም ላይ አንብቡ። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቁ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራሉ። «ኢንተርኔት የለም፤ እንደተገናኙ ይቆዩ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ «አዎ» በሉ፤ ወይም ሞባይል ዳታውን ለጊዜው ዝጉ።

ሁለተኛ፣ አድራሻቸውን ተመልከቱ። እያንዳንዱ መሣሪያ ከራውተሩ የአይፒ አድራሻ ይቀበላል። አንዱ 192.168.1.12፣ ሌላው 192.168.1.20 ከሆነ፣ በአብዛኞቹ ትናንሽ ኔትወርኮች ጎረቤቶች ናቸው። አንዱ በ192.168.1፣ ሌላው በ192.168.0 የሚጀምር ከሆነ ግን በሁለት መንደር ተለያይተዋል። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ደግሞ መሣሪያው ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ እንዳላገኘ ይነግረናል፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት፣ ካልሆነም ራውተሩን እንደገና ማስነሣት ይገባል።

የሁለት መንደር ችግር በብዛት የሚመጣው ምልክቱን ለማስፋት ሁለተኛ ራውተር ሲጨመር ነው። በላስታ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ምልክቱን ስለሚያዳክም ሁለተኛ ራውተር መጨመር ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው የመጣው ገመድ በሁለተኛው ራውተር የኢንተርኔት ቀዳዳ ከተሰካ፣ ሁለተኛው የራሱን ኔትወርክ ይመሠርታል። መፍትሔው በሴቲንጉ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ያኔ አድራሻ የሚያድለው የመጀመሪያው ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ በመጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ሌላውን መሣሪያ ጥሩ። ራውተሩ ካልመለሰ ችግሩ ከእናንተ እስከ መገንጠያው ባለው መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ራውተሩ መልሶ መሣሪያው ዝም ካለ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። የመጀመሪያው የመሣሪያው ፋየርዎል ነው። ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ ከመዘገበው ሌሎች እንዳያዩት ይሸሸጋል፤ በምታምኑት የቢሮ ኔትወርክ ላይ «ፕራይቬት» አድርጉት። ፋየርዎሉ ለፒንግ መልስ ከልክሎ ሌላውን ሥራ ሊፈቅድ ስለሚችል፣ ዝምታው ብቻውን የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ራሱ ራውተሩ ነው። በእንግዳ ኔትወርክ ላይ ያሉ መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ሆን ተብሎ ይከለላሉ፤ ይህም «አይሶሌሽን» ይባላል። ብልሽት አይደለም፤ አጥር ነው። በላሊበላ ሆቴል ያረፈ መንገደኛ የማያውቀው እንግዳ ላፕቶፑን እንዳይመለከት የሚጠብቀው ይኸው አጥር ነው። ስለዚህ ፕሪንተሩን ለማግኘት ብላችሁ የእንግዶችን አጥር አታፍርሱ፤ ፕሪንተሩንና የቢሮውን ኮምፒውተሮች ወደ ዋናው ኔትወርክ አዛውሩ።

አራተኛ፣ ፒንግ ይመልሳል፣ ነገር ግን ፕሪንተሩ በዝርዝሩ ላይ አይታይም እንበል። መሣሪያዎች «እዚህ ነኝ» የሚሉበት ጥሪ ሳይደርስ ሲቀር መንገዱ ግን ክፍት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ፕሪንተሩን በስሙ መፈለጉን ትታችሁ በአይፒ አድራሻው መዝግቡት። አድራሻው ነገ እንዳይለወጥም በራውተሩ ላይ በቋሚነት አስይዙት።

ይህ ሁሉ ለፕሪንተር ብቻ አይደለም። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ውክፔዲያን አስቀድሞ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ለሌሎች ያካፍላል። አንድ ራውተርና አንድ ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት፣ የውጭው መስመር በተዘጋበት ወርም ቢሆን ተማሪዎቹን ሊያስነብብ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ዝግጅቱ መስመሩ ሳይዘጋ ከተደረገና የተማሪው ስልክ ኮምፒውተሩን ማግኘት ከቻለ ነው።

ስለሆነም ወደየሥራ ቦታችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። የራውተሩን፣ የፕሪንተሩንና የዋናውን ኮምፒውተር አድራሻ በወረቀት ጽፋችሁ በቢሮው ሠራተኞች ዘንድ አስቀምጡ። ከዚያም የኢንተርኔቱን መስመር ለአንድ ሰዓት ነቅላችሁ የትኛው ሥራ እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደሚቆም ፈትኑ። ክፍተቱን በሰላሙ ቀን ማወቅ በጭንቁ ቀን ከመፈለግ ይሻላል።