ለጥገና የሚመረጠው ሌሊት



መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ነገሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑ ተገለጠ። ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር፤ አብዛኛው ኋላ ቢመለስም በዕለቱ አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋረጠ። ቅዳሜ ደግሞ የመርካቶ ትልቁ የገበያ ቀን ነው።

ስለዚህ «ሌሊት ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ጥገናው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተጀምሮ ሱቁ ከጧቱ 2 ሰዓት የሚከፈት ቢሆን፣ የቀድሞውን አሠራር ለመመለስም 3 ሰዓት የሚፈጅ ቢሆን፣ «እንቀጥል ወይስ እንመለስ» የሚለው ውሳኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ለሙከራ አንድ ሰዓት የሚተው ብልኅ መሐንዲስ 10 ሰዓት ላይ ይወስናል። እስከዚያው የክፍያው በር ዝግ ይሁን፤ ግማሽ ክፍት በር ከዝጉ የከፋ ነው።

የሰዓቱ አጻጻፍም ቀላል ነገር አይደለም። የውጭ አገር አቅራቢ «2 ሰዓት» ብሎ የሚጽፈው የእኛን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ማስታወቂያው እንዳለ ቢለጠፍ ነጋዴው ሱቁን የሚከፍትበት ሰዓት ይመስለዋል። ያው አቅራቢ በፈረንጆች ገና ሰሞን ሥራ ያቆማል፤ የመርካቶ ግርግር ግን በጳጉሜን፣ በእኛው ገና፣ በፋሲካና በዒድ ዋዜማ ነው።

ከሳምንቱ የሚሻለው ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ነው፤ ሥራው ቢጓተት የእሑድ ቀን አለና። በበዓል ዋዜማ ግን እሑድም ገበያ ነው።