የተማሪዎች ጥናትና የጥንት ፎቶግራፎች በዩኒቨርስቲ ዲጂታል ቤተ መዛግብት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል የጽሕፈትን ኃይል በአጭሩ ይገልጻል። ይሁን እንጂ የተጻፈ ሁሉ ይወረሳል ማለት አይደለም። ወራሹ ጽሑፉ መኖሩን ካላወቀ፣ ቢያውቅም ካላገኘው፣ ቢያገኘውም የማን፣ የመቼና የየት መሆኑን ለይቶ መረዳት ካልቻለ፣ የተጻፈውም እንደ ተረሳው ይቆጠራል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ አደጋ በተማሪዎች የምርምር ጽሑፎችና በጥንት ፎቶግራፎች ላይ እንዴት እንደሚደርስ፣ ዲጂታል ቤተ መዛግብትም በምን ሁኔታ ሊያድናቸው እንደሚችል ማስረዳት ነው።

የተማሪዎች ጽሑፍ ዋጋ

የአዲስ አበባ የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ ተማሪዎች ስለ አገራቸው ታሪክና ባህል የሰበሰቡትን መረጃ በጽሑፍ ማቅረብ ጀመሩ። ዩኒቨርስቲው በታኅሣሥ ወር 1954 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው ይህ ተቋም ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ መዘክሩን ይዞ የእነዚህ ጽሑፎችና የብዙ ታሪካዊ ፎቶግራፎች ማደሪያ ሆነ።

ለመመረቂያ የሚጻፍ ጥናት የጀማሪ ሥራ ነው ተብሎ የሚናቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ተማሪው ወደ ትውልድ አውራጃው ተመልሶ፣ በአካባቢው ቋንቋ ሽማግሌዎችን ጠይቆ፣ ስለ ርስትና ግብር፣ ስለ ገበያና መንገድ የጻፈው ቃል ዛሬ በሌላ መንገድ አይገኝም። ነገሩን የተናገሩት ሽማግሌዎች አልፈዋልና። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ከጠቀሷቸው ምንጮች መካከል የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች በርካታ መሆናቸው ለዚህ በቂ ምስክር ነው። በታይፕ ተመትቶ በጥቂት የካርቦን ቅጂዎች ብቻ የቀረ ጽሑፍ ከመደርደሪያው ከጠፋ የሚጠፋው ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ አውራጃ ስለ ራሱ የሰጠው ምስክርነት አብሮ ይጠፋል።

ፎቶግራፍ እንደ መለኪያ

ፎቶግራፍን በተመለከተ ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከዙላ ተነሥቶ እስከ መቅደላ በዘመተው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ የመሐንዲስ ክፍለ ጦር ባልደረቦች ነበሩ። የተነሡትም ሥዕሎች ለዘመቻው መታሰቢያ ሲባል ተጠብቀው ቆዩ። ከ140 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ከቤልጅግ የጌንት ዩኒቨርስቲና ከመቀሌ ዩኒቨርስቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች በትግራይ የተነሡትን ሥዕሎች ይዘው ወደ ቦታዎቹ ሄዱ። የተራራዎቹን ጠርዝና የድንጋዮቹን አቀማመጥ እያስተያዩ ካሜራው ቆሞበት የነበረውን ነጥብ ፈልገው በማግኘት ሥዕሎቹን እንደገና አነሡ።

ውጤቱ ብዙዎችን ያስገረመ ነበር። በ1868ቱ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ምድር በለምለም ደን የተሸፈነ ሳይሆን ቀድሞውኑ የተራቆተ ነው። የሕዝቡ ቁጥር በዚያ ዘመን ከነበረው ወደ ዐሥር እጥፍ ገደማ አድጎ ሳለ፣ በ2008ቱ ሥዕሎች ላይ ግን የዕፀዋቱ ሽፋንና የአፈሩ ጥበቃ ተሻሽሎ ታየ። በየተዳፋቱ የተሠራው የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሥራ ከንቱ እንዳልቀረ ያረጋገጠው ለወታደራዊ ዘመቻ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ባይቀመጥ ኖሮ፣ ወይም ተቀምጦ ቦታው ባይታወቅ ኖሮ፣ ክርክሩ በግምት ብቻ በቀጠለ ነበር።

ጥፋቱ ከወዴት ይመጣል?

የእነዚህ ቅርሶች ጠላት እሳትና ጎርፍ ብቻ አይደለም። ብዙው ጥፋት ከራሱ ከዕቃው ይመነጫል። እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ይሠራበት የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። እርሱን የተካው የአሲቴት ፊልም ሲያረጅ የኮምጣጤ ሽታ ያለው አሲድ ያወጣል። አሲዱ ደግሞ የፊልሙን መበላሸት ያፋጥናል፤ አጠገቡ ያለውንም ፊልም ይጎዳል። ሙቀትና እርጥበት በጨመሩ መጠን ጥፋቱም ይፈጥናል። ስለዚህ ሽታው ሲሰማ ሥራው መዘግየቱን ማወቅ ይገባል።

ወደ ዲጂታል መልክ መለወጡ በስሌት ሲታይ ከባድ ሥራ አይደለም። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ቢነበብ 8.4 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ይኖሩታል። ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ሲሰጥ መጠኑ 25 ሜጋባይት ይሆናል። 10,000 ፎቶግራፎች 250 ጊጋባይት ይይዛሉ ማለት ነው። ለጥንቃቄ በሦስት ቅጂ ቢቀመጡ እንኳ 750 ጊጋባይት ነው። ይህም ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሊገዛው የሚችል የዲስክ መጠን ነው። እንግዲህ ችግሩ የማከማቻ ቦታ አይደለም።

ዓመተ ምሕረት፣ ስምና ፊደል

ዋናው ችግር መግለጫው ነው። ለምሳሌ ስለ ወሎ የእህል ዋጋ የተጻፈ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በሽፋኑ ላይ «1966» ብቻ የሚል ቢሆን እንዴት ይመዘገባል? ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ጽሑፉ የታላቁ ረሀብና የአብዮቱ ዘመን ምስክር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ከዚያ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ ይሆናል። በዚያን ጊዜም በወሎ ረሀብ ስለ ነበረ፣ ይዘቱን በማንበብ ብቻ ስሕተቱን መለየት ላይቻል ይችላል። መዝጋቢው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚሉትን ፊደላት በመተዉ ምክንያት አንድ ተመራማሪ የአንዱን ረሀብ ዋጋ ለሌላው ረሀብ ሊሰጥ ይችላል።

ስምም እንዲሁ ነው። ከውጭ የመጣ የመመዝገቢያ ሥርዐት የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቈጥሮ ሲያስቀድም፣ ደራሲው በገዛ ስሙ ሲፈለግ ይጠፋል። ፊደልም ችግር አለው። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» በንባብ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ናቸው። «ዓለም» ብሎ የጠየቀ ሰው «አለም» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም። ስለሆነም የመፈለጊያው ሥርዐት እነዚህን ፊደላት በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቈጥር፣ ነገር ግን ደራሲው የጻፈውን አጻጻፍ እንዳይለውጥ ሆኖ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ዲጂታልም ያረጃል

ዲጂታል የሆነ ሁሉ ዘላለማዊ ነው ብሎ ማመን ከባድ ስሕተት ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ ቁጥር ነበራቸው። በነዚያ የተጻፈ ጥናት ፕሮግራሙ ሲጠፋ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይቀራል። የ50 ዓመት የታይፕ ጽሑፍ በመስኮት ብርሃን ሲነበብ፣ የ25 ዓመት የኮምፒዩተር ጽሑፍ የማይነበብበት ጊዜ አለ። ፍሎፒ ዲስክን የሚቀበል ኮምፒዩተር ማግኘትም ዛሬ ቀላል አይደለም።

ከዚህ የተነሣ የቤተ መዛግብት ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሳይሆን እንደ መንገድና እንደ ድልድይ የዘወትር ጥገና የሚፈልግ ነው። ቅጂዎቹ በተለያየ ሕንጻ መቀመጥ አለባቸው። እያንዳንዱ ፋይል አለመለወጡ በመቆጣጠሪያ ቁጥር በየጊዜው መመርመር፣ ያረጀ ዐይነትም ሳይሞት ወደ አዲስ መተላለፍ ይኖርበታል። ለዚህም የማያቋርጥ በጀትና ኃላፊነቱ በስም የተሰጠው ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ዋናው ወረቀትና ፊልምም ዲጂታል ቅጂ ተገኝቷል ተብሎ መጣል የለበትም።

የአባላት ድርሻ

የማኅበሩ አባላት ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያና በየመኖሪያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ የግድብ፣ የመንገድና የሕንጻ ሥራ ፎቶግራፎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራው የተፈጸመው የቆቃ ግድብ በአዋሽ ወንዝ በሚመጣ ደለል ሲቸገር የኖረ ነው። ስለ እንዲህ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ አንድ ተማሪ በጊዜው የለካው ጥልቀት ወይም አንድ መሐንዲስ ከዳርቻው ያነሣው ሥዕል ከዓመታት በኋላ የደለሉን መጠን ለሚያሰላው ሰው መነሻ ይሆናል። መነሻ የሌለው ልኬት ደግሞ ለውጥን አያሳይም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጀርባ አምስት ነገሮች ቢጻፉ ይበቃል። እነዚህም ቦታው፣ ቀኑ ከነአቆጣጠሩ፣ ያነሣው ሰው፣ በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎችና ካሜራው የተመለከተበት አቅጣጫ ናቸው። ጽሑፉ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ ቀለም ወደ ፊቱ ገጽ ሊያልፍ ይችላልና። ይህን መጻፍ የሚችለው ሥራው ሲሠራ በቦታው የነበረ ሰው ብቻ ነው። ዲስኩን ሌላ ትውልድ ይገዛዋል፤ መፈለጊያውንም ያሻሽለዋል። በሥዕሉ ዳር የቆመው ሠራተኛ ማን እንደ ነበረ ግን ከዛሬው ትውልድ በቀር የሚነግረው የለም።