ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን እጃቸው ይመስክር
(የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ዌብ ዲዛይን ሥልጠና በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



እኛ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን ሰዎች ስለ ኮምፒዩተር መናገራችን ሊያስቃችሁ ይችላል። ሳቁ፤ ግን አድምጡን። ከልጆቻችሁ ጠይቀን የተረዳነውን ነው የምንነግራችሁ።

ዌብ ዲዛይነር ማለት ሰው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ከፍቶ የሚያየውን ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ነገሩ እንደ ቤት ግንባታ ነው። ኤችቲኤምኤል የሚባለው ምሰሶና ግድግዳውን ያቆማል፤ ሲኤስኤስ ቀለምና መልክ ይሰጣል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ በሩ ሲነካ እንዲከፈት ያደርጋል።

መማሪያው አልጠፋም። መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመሆን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ሥልጠና በኢንተርኔት በነጻ ከፍቷል። በቴክኒክና ሙያ በኩልም ትምህርቱ በደረጃ ተከፍሎ፣ ሠልጣኙ ሲኦሲ በምትሉት የብቃት ምዘና ይፈተናል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ ሰርተፊኬቱን ይዞ ቢሯችን መጣ። ሥራ ሊጠይቅ ሄዶ «የሠራኸውን አሳየን» ቢሉት የሚያሳየው አጣ። እናቱ ዕቁባቸውን አውጥተው የከፈሉለት ሥልጠና ነበር እኮ! የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ሙያውን የለመደው ከጌታው አጠገብ ተቀምጦ፣ ወናፍ እየነፋ፣ ያበላሸውን ቀለበት መልሶ እያቀለጠ ነው። ይኸም ሙያ እንደዚያው ነው።

የሚሠራ ነገርማ ሞልቷል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከዶሮ ማነቂያና ከፒያሳ ዙሪያ ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከነሱም ውስጥ ልብስ ሰፊው አለ፣ ጫማ ሠሪው አለ። የድሮ ደንበኛቸው እስከ ዛሬ እየመጣ «የት ገቡ?» ይለናል። ስማቸውን፣ ሙያቸውንና አሁን ያሉበትን ቦታ በፈቃዳቸው የያዘ አንድ ገጽ ቢኖር ደንበኛው ባልጠፋቸው ነበር።

ስለዚህ የማኅበራችን ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሠልጣኞች ሁለት ሁለት እየሆኑ ለአንድ ባለሙያ አንድ ገጽ ይሥሩ።

1ኛ፦ ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፣ ጽሑፉን እንደ ፎቶ መለጠፍ አያስፈልግም። ፊደል ሆኖ ከተጻፈ ፈላጊ ያገኘዋል።

2ኛ፦ ገጹ በርካሽ ስልክና በደካማ ኔትወርክ ይሞከር። ከባድ ፎቶ ሳይቀነስ ከገባ የደንበኛውን ካርድ ይበላል።

3ኛ፦ ባለሙያው ራሱ አይቶ ስሕተቱን ያሳርም።

አዳራሻችን ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ይሆናል። የማትሠሩበት ላፕቶፕ ያላችሁ አውሱን። በሙያው የቆያችሁ ልጆቻችን በሳምንት አንድ ምሽት ስጡን፤ የጀማሪን ሥራ የሚያርም ሰው ነው የጎደለን። ወላጆችም ለሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት «ልጄ ሲጨርስ ምን ሠርቶ ያሳየኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ዕቁባችሁን አታውጡ።



የማኅበሩ ጸሐፊ