ስለ አንበጣና ስለ አይሮፕላን



በአዲስ አበባ በልደታ ሠፈር የነበረው የአይሮፕላን ሜዳ፣ በ1938 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ ቤቱ ነበረ። ኋላ ጄት የተባለው አይሮፕላን በመጣ ጊዜ ሜዳው ስላልበቃው ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከዚያ አስቀድሞ ግን ባላገሩ አይሮፕላንን ያወቀው በክፉ ሥራው ነው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከሰማይ የመርዝ ጋዝ እያዘነበ ሰውን ከነከብቱ ፈጀ። ይህን ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ፣ አይሮፕላን በማሳው ላይ ዝቅ ብሎ ሲረጭ አይቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ነገሩን ገልጦ መንገር የመምህሩ ፈንታ ነው።

በአይሮፕላን ተባይን ማጥፋት የተጀመረው በ1913 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ነው፤ ያን ጊዜ የተነሰነሰው ዱቄት የዛፍ ቅጠል የሚበላ ትል ገደለ። በአገራችንም አየር መንገዱ በ1979 ዓ.ም. ለእርሻ ርጭት የሚሆን ትንሽ አይሮፕላን መገጣጠም ጀመረና «እሸት» ብሎ ሰየመው፤ መልካም ስም ነው።

ከተባይ ሁሉ የከፋው ግን ነቢዩ ኢዩኤል ከነወገኖቹ በየስሙ የጠራው አንበጣ ነው። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ መንጋ 40 ሚሊዮን፣ አንዳንድ ጊዜም 80 ሚሊዮን ይሆናል፤ ትንሹ እንኳ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ይጨርሳል። በ2012 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው መንጋ ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ነበረ።

ቆርቆሮ መደብደብና ጅራፍ ማስጮህ መንጋውን ያስነሣዋል እንጂ አይገድለውም፤ የራስን ማሳ አድኖ መከራውን ለጎረቤት መስደድ ነው። ኩብኩባው ክንፍ ሳያወጣ ጉድጓድ ምሶ፣ ወደዚያ ነድቶ መቅበር ግን የአባቶች ብልሃት ነውና ዛሬም አይናቅም።

አይሮፕላኑ ፈጣን ነው፤ ዓይኑ ግን በምድር ያለው ሰው ነው። መንጋው ማታ በዛፍና በቍጥቋጦ ላይ ያድራል፤ ጧትም ፀሐይ እስክታሞቀው ድረስ አይነሣም። መርጨት የሚገባው በዚህች ሰዓት ነው። ማደሪያውን ማታውኑ አይቶ ያላስታወቀ መንደር፣ በማግሥቱ አይሮፕላን ቢመጣለትም ባዶ ዛፍ ያስረጫል።

ደግሞም መድኃኒት ይባል እንጂ የሚረጨው መርዝ ነው፤ ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር እንኳ ሳይሞላ ይበቃልና ጥቂትነቱ አያታልል። ንብን ይፈጃል። ስለዚህ የርጭቱ ቀን ሲታወቅ ቀፎው በሌሊት ወደ ራቀ ስፍራ ይነሣ፤ ከብቱ ከመስኩ ይራቅ፤ የሚጠጣ ውኃ ይከደን፤ በመርዝ የሞተ አንበጣም ለዶሮ እንኳ አይሰጥ። ንብ አርቢው አስቀድሞ ሳይነገረው ቀርቶ ጉዳቱን ብቻውን ቢሸከም በደል ነው።

ወደ ወረዳ የሚላከው ቃል፣ መንጋው ያደረበትን ስፍራ፣ የታየበትን ሰዓት፣ ክንፍ ያለው ወይም ኩብኩባ መሆኑን፣ መልኩንም ይናገር። ቀላ ያለው ገና ለጋ ነው፤ ቢጫው ግን እንቁላል ለመጣል የደረሰ ነው። እንቁላል የጣለ እንደሆነ መምህሩ ቀኑንና ስፍራውን ጽፎ ያቆይ፤ ኩብኩባው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ከዚያው አፈር ይወጣልና።